ትከሻ ሲያምር፣ ትከሻ ሲያም

ጎንደር ስለ ትከሻ ብዙ ታውቃለች። በሠርግ ድንኳን፣ በጥምቀት አደባባይ፣ በአዝማሪ ቤት ማሲንቆው ሲነካ ዐይን ሁሉ የሚያርፈው እግር ላይ ሳይሆን ትከሻ ላይ ነው። ትከሻው እንደ ልቡ የሚታዘዝለት ወጣት ሲነሣ «ይሄ ልጅ አጥንት የለውም እንዴ!» ይባልለታል፤ ብር ግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል፤ እናቱ እልል ትላለች። ያው ትከሻ ሌሊቱን ሲጠዘጥዘው አድሮ፣ በማግስቱ ክንዱን አንሥቶ ሸሚዙን ማጥለቅ ሲያቅተው ግን ስለዚያ ትከሻ የሚጠይቅ የለም። የሚጠይቅ ከተገኘም ጥያቄው «ትናንት እንደዚያ ስትጨፍር አልነበር?» የሚል ነው።

ይህች ጥያቄ ቀላል ትመስላለች። እኔ ግን ከሕመሙ ይልቅ እሷ ናት ብዙ ሰው የጎዳችው ባይ ነኝ።

ነገሩ በሕክምናው ዓለም ስም ያለው ነው። ብዙዎቹ መገጣጠሚያዎቹ ከተለመደው ልክ አልፈው የሚታጠፉለት ሰው የመገጣጠሚያ ልልነት አለው ይባላል። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ሰዎች አንዳች ሕመም ሳይሰማቸው ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ፤ ጣቱ የሚቀለበስ ሁሉ በሽተኛ አይደለምና ይህን አስቀድሞ መናገር ተገቢ ነው። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ግን በትንሽ በትልቁ ወለምታ ያገኛቸዋል፤ የማይለቅ የጉልበትና የወገብ ሕመም ይዟቸው ይኖራል፤ እንቅልፍ የማይሽረው ድካም፣ አንዳንዴም ከተቀመጡበት ሲነሡ ዐይን የሚያጨልም ማዞር ይጨመርበታል።

ምክንያቱን ለደገኛ ለማስረዳት ብዙ ሳይንስ አያሻም፤ ጎጆ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ግድግዳው ወይራ ቢሆን፣ ማገሩም ቢጠነክር፣ ማሰሪያው ልጥ ከላላ ቤቱ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይነቃነቃል። አጥንትን ከአጥንት የሚያስረው ጅማት የሰውነት ልጥ ነው፤ ዋና መሥሪያውም ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። ልጡ ሲላላ ሥራው ወደ ጡንቻ ይዞራል። ጡንቻ ደግሞ ለማንቀሳቀስ እንጂ ቀኑን ሙሉ አስሮ ለመያዝ አልተፈጠረምና ይዝላል፤ ይቋጠራል፤ ያማል። ራጅ የሚያነሣው እንጨቱን ነው፤ ልጡን አያሳይም። ታማሚው ከምርመራ ክፍል «ምንም የለብህም» ተብሎ የሚወጣውም ለዚህ ነው። የደሙ ውጤት ንጹሕ፣ የራጁም ንጹሕ፤ ውሸታም ሆኖ የሚቀረው እሱ ብቻ ነው።

የሚገርመው፣ ልልነትን ለመለየት ዓለም የሚጠቀምበት መለኪያ ራጅም ደምም የማይጠይቅ መሆኑ ነው። ያውም ጥናቱ የተካሄደው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ፒተር ቤይተንና ሁለት ባልደረቦቹ በደቡብ አፍሪካ ገጠር ከሺህ የሚበልጡ የትስዋና ሰዎችን መገጣጠሚያ መርምረው፣ ከዚያ ቀደም የነበረውን መለኪያ አሻሽለው አቀረቡ። ነጥቡ ከዘጠኝ ነው። ትንሿ ጣት ወደ ኋላ ከ90 ዲግሪ በላይ ትቀለበሳለች ወይ? አውራ ጣት ታጥፎ ክንድን ይነካል ወይ? ክርንስ፣ ጉልበትስ ወደ ኋላ ከ10 ዲግሪ በላይ ያልፋል ወይ? እነዚህ አራቱ በቀኝና በግራ ሲቆጠሩ ስምንት ይሆናሉ። ዘጠነኛው ጉልበትን ሳያጥፉ ጎንበስ ብሎ መዳፍን መሬት ላይ ማንጠፍ ነው። በዚያው ጥናት ሴቶች ከወንዶች ይልቅ ልል ሆነው ተገኙ፤ ልልነቱም ከዕድሜ ጋር እየቀነሰ እንደሚሄድ ታየ። ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ላልጎረመሱ ልጆች 6፣ ከጉርምስና እስከ 50 ዓመት 5፣ ከዚያ በላይ ላሉት 4 ነጥብ ብሎ ወሰነ። (የእኔ ሰባት ነው። በልጅነቴ ሙሉ ዘጠኙን ሳልይዝ አልቀርም፤ በተማሪነቴ ያገኘሁት ትልቁ ውጤትም እሱ ነው።)

ነጥቡ ብቻውን በሽታ አይደለም። ከሕመምና ከሌሎች ምልክቶች ጋር ተገጣጥሞ ሲገኝ ነው ሐኪሙ የልልነት ሕመም፣ ወይም ከበድ ሲል ኤህለርስ ዳንሎስ ከሚባሉት ሕመሞች ልል የሚባለው ዓይነት ነው የሚለው። ለዚህ ዓይነቱ የዘር ምርመራ እስከ ዛሬ አልተገኘለትም። ሐኪሙ ያለው ዐይኑ፣ እጁና የታማሚው ቃል ነው። የታማሚውን ቃል ያላመነ ሐኪም እንግዲህ ከመሣሪያዎቹ አንዱን በገዛ እጁ ጥሎታል።

አሁን ይህን ሰውነት ይዛ ደባርቅ ወይም ጃናሞራ የተወለደችን ሴት እናስብ። ከእሷ የሚጠበቀውን የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ውኃ ከምንጭ በጀርባ፤ እንጨት በጀርባ፤ ልጅ በአንቀልባ፤ ገበያ በእግር። የሰሜን ተራሮች ሽቅቡ ሳንባን ይፈትናል፤ ቁልቁለቱ ግን ጉልበትን ነው የሚይዘው። ልል ጉልበት ቁልቁለት ላይ ይከዳል፤ ቁርጭምጭሚት ጠጠር በረገጠ ቁጥር ይጠመዘዛል። ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ ነው፤ ጀሪካኑም ለሁሉም አንድ ነው። ጎረቤቷ በአንድ ትንፋሽ ተሸክማ ስትገባ እሷ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ካረፈች ስም ይወጣላታል። «ሰነፍ» በደጋው ቀላል ስድብ አይደለችም፤ እጮኛ ታስቀራለች፤ ትዳር ታፈርሳለች። ጧት እንጀራ ስትጋግር የታየች ሴት ማታ «እጄን ማንሣት አቃተኝ» ብትል ባል ያምናታል? አማትስ ታምናታለች? የዚህ ሕመም ጠባዩ ግን ይኸው ነው፤ አንድ ቀን ይሰጣል፣ ሦስት ቀን ይነሣል። ሥራው የተሠራበት ቀን የደኅንነት ማስረጃ አይደለም፤ በብድር የተገኘ ቀን ነው፤ ብድሩም በማግስቱ ይጠየቃል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ተረታችን። ተረቱ ታማሚውን ይወቅሳል እንጂ ገልጦ የተናገረ ሰው ያልታመነ እንደሆነ ምን እንደሚከተል አይነግረንም። የሚከተለው ይህ ነው፦ ያ ሰው ሁለተኛ አይናገርም። ዝም ብሎ ይሠራል፤ ሠርቶ ይወድቃል፤ ከወደቀ በኋላ ደግሞ ሰውነቱን ጭራሽ ማንቀሳቀስ ይፈራል። ያልተንቀሳቀሰ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ የሟሸሸ ጡንቻም መገጣጠሚያውን ይበልጥ ይለቅቀዋል። አለመታመን ልብ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ወደ ጉልበት ይወርዳል።

ወጌሻን ከሚንቁት ወገን አይደለሁም። ወጌሻ ቀድሞ የሚደረስበት ሰው ነው፤ ታማሚውን ከነአባቱ ያውቀዋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ «አሞኛል» ሲሉት ያምናል። ችግሩ እጁ የለመደው የጠነከረ ሰውነት መሆኑ ነው። በቅቤ ማሸቱ ያሳርፋል፤ ሙቀትም ይረዳል። ልል መገጣጠሚያን በየሳምንቱ መሳብና «ቋ» እስኪል መጠምዘዝ ግን የላላውን ልጥ መልሶ መጎተት ነው። ቋ ካለ በኋላ የሚሰማው ዕረፍት እውነት ነው፤ ግን ዕድሜው አጭር ነው። «አባቴ፣ ይሹልኝ እንጂ አይሳቡኝ» ማለት ነውር የለውም። በሌላ በኩል መርፌ ካልተወጋ የታከመ የማይመስለው አለ። የዲክሎፌናክ መርፌ ለአንድ ክፉ ቀን ይሆናል፤ ዓመታት ለሚቆይ ሕመም በየጊዜው ሲደጋገም ግን ሒሳቡን ጨጓራና ኩላሊት ይከፍላሉ።

ልጡን የሚያጠብቅ መድኃኒት የለም። የሚቻለው ጡንቻውን ማጠንከር ነው፤ ያውም በጥቂት በጥቂቱ፣ መገጣጠሚያውን እስከ መጨረሻው ሳይገፉ፣ ለሳምንታት ሳይሆን ለወራት። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሥራን መከፋፈል ነው፤ እሱም በደኅናው ቀን ነው የሚከብደው። ሰውነቱ የቀለለው ሰው የሦስት ቀን ሥራ በአንድ ቀን ሊጨርስ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ገና ሲችል መቀመጥ አለበት። ምንጩ ቅርብ ከሆነ በአንድ ሃያ ሊትር ፈንታ ሁለት ጊዜ አሥር ሊትር ማመላለስ፤ ሲቆሙ ጉልበትን ወደ ኋላ ገፍቶ ከመቆለፍ ጥቂት ማላላት፤ በርጩማ ላይ ሲቀመጡ እግርን ጠምዝዞ ከሥር አለማጠፍ። ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ ሕመሙም የሚጠራቀመው ከትንንሽ ነገሮች ነው። (በቤተሰቡ ውስጥ በወጣትነቱ ድንገት የደም ሥር ተቀዶበት የሞተ ሰው ካለ ግን ነገሩ ከዚህ የተለየና አደገኛ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል።)

ስለ መቆም ጎንደርን የሚያስተምራት የለም። የአቋቋም ማስመስከሪያው በአታ ለማርያም ያለባት ከተማ ናት። ሊቃውንቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲቆሙ መቋሚያቸውን ይደገፋሉ። መቋሚያ ለዜማው ስልት ብቻ አልተበጀም፤ ሰው ሥጋ ለባሽ መሆኑን፣ ወገብ እንደሚዝል፣ ጉልበት እንደሚከዳ የሚያውቁ አባቶች የያዙት ነው። መቋሚያውን የተደገፈን መሪጌታ ሰነፍ ያለው ሰው ሰምቼ አላውቅም። ታዲያ በትር ተደግፎ መቆም ክብር በሆነበት አገር፣ የሃያ ዓመት ልጃገረድ ምርኩዝ ይዛ ስትታይ ለምን ይሣቅባታል? «በዚህ ዕድሜሽ!» የሚላት ሰው ማታ ቅዳሴ ማኅሌቱ ላይ ራሱ መቋሚያ ይዞ ይቆማል።

ስለ ልጆችም አንድ ነገር አለኝ። ጣቱን ቀልብሶ፣ ትከሻውን አውልቆ መልሶ እንግዳ የሚያስቅ ልጅ አይጠፋም፤ ከረሜላም ይሰጠዋል። ያ ይቅርበት። እስክስታው ግን አይቅርበት። በደንብ የተመታ እስክስታ ትከሻን የትም መወርወር አይደለም፤ ጡንቻ መገጣጠሚያውን በልኩ ይዞ የሚያንቀጠቅጥበት ጥበብ ነው፤ ልል ሰው የሚፈልገውም ይህንኑ መግዛት ነው። የሚወድደውን እንቅስቃሴ የተነጠቀ ልጅ ሌላ እንቅስቃሴ አይተካለትም፤ ቁጭ ይላል።

ጎንደር ለዚህ ጉዳይ ባዶ እጇን አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ትምህርት ክፍል አለው፤ ማኅበረሰብ አቀፍ የተሐድሶ አገልግሎትም ሲሰጥ ቆይቷል። ለዚህ ሕመም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ከመርፌም ከቢላም ይቀድማል። ነገር ግን ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለጃናሞራ ሰው ደግሞ ደባርቅ ራሷ ሩቅ ናት። በ2015 ዓ.ም. ክልሉ ወደ ግጭት ከገባ በኋላ እንኳን ለጉልበት ሕመም፣ ለምጥም መንገድ መውጣት የሚያስፈራባቸው ወራት መጥተዋል።

ስለዚህ ዘጠኙ ነጥብ ከሆስፒታል ወጥቶ ጤና ኬላ ይድረስ እላለሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በጥቂት ደቂቃ ልትቆጥረው ትችላለች። ሕመሙን ትመርምር፣ ስም ትስጠው አላልኩም፤ ያ የሐኪም ሥራ ነው። እሷ ጣቱን፣ ክርኑን፣ ጉልበቱን አይታ ለአማትየዋ «እማማ፣ ሰነፍ አይደለችም፤ ጅማቷ ልል ነው፤ ቀስ ብላ ትሥራ» ብትል ይበቃል። ይህ ቃል ከምራቲቱ አፍ ሲወጣ ሰበብ ነው፤ ነጭ ጋዋን ከለበሰች ሴት አፍ ሲወጣ ግን ይሰማል።

«ወባና የእናቶች ሞት ባለበት አገር ስለ ጣት መታጠፍ ታወራለህ?» የሚለኝ ይኖራል። ክርክሩን አልንቀውም። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ሥራዋ ብዙ፣ እጇም አጭር እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን የምጠይቀው መድኃኒት አይደለም፤ ማሽንም አይደለም። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ብንቆጥራቸውም ባንቆጥራቸውም ሰልፉ ላይ አሉ። በየወሩ ጤና ጣቢያው በር ላይ ይቀመጣሉ፤ ደም ይሰጣሉ፤ ራጅ ለመነሣት ዶሮ ወይም በግ ሸጠው ከተማ ይወርዳሉ፤ «ምንም የለብሽም» ተብለው፣ ሌላ መርፌ ተወግተው ያንኑ ዳገት ይመለሱበታል።