የከተማ ቦታ ባለቤቱ ነዋሪው ይሁን



በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። በጥቂት ባለርስቶች እጅ የነበረው ቦታ ለብዙኃኑ ይዳረሳል ተብሎ ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የምናየው ግን ጥቂቶቹ ባለርስቶች በአንድ ትልቅ ባለርስት፣ በመንግሥት፣ መተካታቸውን ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። መንግሥት ግን ከ1986 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ወዲህ ቦታን በጨረታ ሲያቀርብ ኖሯል። አቅራቢው አንድ ነው፤ መቼና ምን ያህል ቦታ እንደሚወጣ የሚወስነውም እሱው ነው። ፈላጊው እልፍ፣ ቦታው ጥቂት ሲሆን ዋጋው ሰማይ ይነካል። መምህሩና ነርሷ ከባለሀብት ጋር ተጫርተው አያሸንፉም። ለቦታው የወጣው ገንዘብ በቤቱ ዋጋ ላይ፣ የቤቱም ዋጋ በኪራዩ ላይ ይጫናል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ አዋጅ ጭማሪን ይገድብ ይሆናል፤ አንድም ቤት ግን አይሠራም።

በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ከተመዘገቡት ብዙዎች ከጉሮሯቸው ነጥቀው እየቆጠቡ ዓመታት ጠብቀዋል። በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣው የ25,791 ቤቶች ዕጣ በመረጃ ማጭበርበር ምክንያት ተሰረዘ። ለልማት የሚነሣ ነዋሪም ካሣው የሚሰላለት በቤቱና በንብረቱ እንጂ በቦታው የገበያ ዋጋ አይደለም።

«ቦታ የግል ከሆነ ድሃው ሸጦ ሜዳ ላይ ይወድቃል» የሚሉ አሉ። ሥጋቱን አንንቅም። ነገር ግን ዛሬ ድሃው ሳይሸጥም ሜዳ ላይ እየወደቀ ነው።

ስለዚህ ብትመርጡን፦

1. ነዋሪው ቤቱ ያረፈበትን ቦታ በባለቤትነት እንዲይዝ፣ እንዲሸጥ፣ እንዲያወርስና በባንክ እንዲያስይዝ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እናቀርባለን፤
2. ቤት ለሌለው ሰው የመጀመሪያ መኖሪያ ቦታ ያለ ጨረታ፣ በመንገድ፣ በውኃና በመብራት ዝርጋታ ወጪ ልክ እንሰጣለን፤
3. የቀበሌ ቤት ተከራዮች የሚኖሩበትን ቤት በረጅም ጊዜ ክፍያ የመግዛት ቅድሚያ ያገኛሉ፤
4. ለሕዝብ ጥቅም የሚወሰድ ቦታ ካሣው አስቀድሞ በገበያ ዋጋ ይከፈላል፤ ክርክር ቢነሣ ፍርድ ቤት ይወስናል፤
5. ታጥሮ ያለ ሥራ በተቀመጠ ቦታ ላይ በየዓመቱ የሚያድግ ግብር እንጥላለን፤ ሀብታሙ ከተማውን እንዳይጠቀልል መከላከያው ይህ ነው።

ሕገ መንግሥት ማሻሻል በአንድ ጀምበር የሚፈጸም ሥራ አይደለም፤ ብዙ ድምፅ ይጠይቃል። የቀሩት ግን በአዋጅና በመመሪያ ሊጀመሩ ይችላሉ። ካርድዎን ይዘው ይውጡ፤ ለልጆችዎ የሚያወርሱትን ቦታ በድምፅዎ ያስከብሩ!