ለመድኃኒቱ ምክር አለ፤ ለናሙናውስ?

ከፋርማሲ መስኮት መድኃኒት የተቀበለ ሰው ሁሉ የሚሰማው ምክር አለ። «ይህን ጠዋትና ማታ፣ ምግብ ከበሉ በኋላ፤ ያንን ማታ ብቻ።» ፋርማሲስቱ ምንም ቢቸኩል ይህን ሳይናገር አያሰናብትም፤ በማሸጊያው ላይም ይጽፍበታል። ወደ ላቦራቶሪ የሚላክ ታካሚ ግን ብዙ ጊዜ የሚይዘው ወረቀት ብቻ ነው። ቁርስ ይብላ አይብላ፣ ሽንቱን እንዴት ይቀበል፣ ሰገራውን በምን ይዞ ይምጣ፣ የሚነግረው የለም። ተወልጄ ያደግሁት ሆመቾ ነው፤ በሀዲያና በከምባታ ከተሞች በላቦራቶሪ ሙያ ስሠራ ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የናሙና ምክር የሕክምናው አካል ነው። እንደ መድኃኒት ትእዛዝ ተቆጥሮ ለእያንዳንዱ ታካሚ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል።

ውጤት ሲሳሳት ሰው ጣቱን የሚቀስረው ማሽኑ ላይ ወይም መርማሪው ላይ ነው። ችግሩ ግን በአብዛኛው የሚጀምረው ናሙናው ጠረጴዛችን ላይ ከመድረሱ በፊት ነው። በጣሊያን ፓዶቫ ከተማ በአንድ የሆስፒታል ላቦራቶሪ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት፣ ከተመዘገቡት ስህተቶች 68.2 በመቶው የተፈጸሙት ከምርመራው በፊት ባለው ሂደት መሆኑን አሳይቷል። ከአሥር ዓመት በኋላ እዚያው ሲደገምም 61.9 በመቶ ነበር። በበለጸገ አገር፣ በተሟላ ላቦራቶሪ ውስጥ እንዲህ ከሆነ፣ ታካሚው ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ በሚመጣበት በእኛ አካባቢማ ነገሩ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

በአንድ ጤና ተቋም ስሠራ ከጊቤ ቆላ የመጡ አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን ሰገራ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው፣ በፌስታል ቋጥረው አቀበሉኝ። ልጁ ተቅማጥ ይዞት ከስቷል። «እናቴ፣ መቼ የወጣ ነው?» አልኳቸው። «ሌሊት ነው ልጄ፤ መንገዱ ሩቅ አይደል? እዚህ ደርሶ እንቢ ቢለውስ ብዬ ነው» አሉኝ። ሴትዮዋ የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል። ነገር ግን አሜባና ጃርዲያ በማይክሮስኮፕ ሥር ሕያው ሆነው ሲንቀሳቀሱ የሚታዩት ሰገራው ትኩስ ሳለ ነው፤ ቀጭን ተቅማጥ ከሆነ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። ሌሊቱን ያደረ ናሙና ላይ «ምንም አልተገኘም» ተብሎ ቢጻፍ፣ ልጁ በሽታውን እንደያዘ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ለእኚህ እናት ወረቀቱን የሰጣቸው ሰው «ልጁን ብቻ ይዘው ይምጡ፤ ዕቃውን እኛ እንሰጥዎታለን፤ ሽንትና አፈር እንዳይነካው» ቢላቸው ኖሮ በቂ ነበር።

ቁርስም እንዲሁ ነው። «ጠዋት ሳትበላ ና» የተባለ ሰው ቆጮና ጎመኑን ትቶ ይመጣል፤ ቡናውን ግን ጠጥቶ ነው። ቡና በእኛ ዘንድ እንደ ምግብ አይቆጠርምና ማንም አይፈርድበትም። ለጾም የደም ስኳር ምርመራ ግን ቢያንስ 8 ሰዓት ከውሃ በቀር ምንም አለመቅመስ ያስፈልጋል። በዴሲሊትር 126 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን የስኳር በሽታ ምልክት ነው የምንለው፣ ይህን ጾም አምነን ነው። ውሃ መጠጣት እንደሚቻል ስላልተነገራቸው ተጠምተው የሚመጡም አሉ። በሌላ በኩል ለወባ ወይም ለደም ማነስ ምርመራ የመጣች ነፍሰ ጡር በባዶ ሆዷ እስከ ቀትር ስትቀመጥ አያለሁ። ለእነዚህ ምርመራዎች መጾም አያስፈልግም። የወባ ምርመራ የሚፈልገው ሌላ ጥንቃቄ ነው፤ ከጎረቤት የተገኘ የተረፈ ኮአርተም ከመዋጥ በፊት ደም መስጠትን።

ለጨጓራ ሕመም የሚታዘዘው የኤች ፓይሎሪ የሰገራ ምርመራ ዝግጅት ደግሞ የሚጀምረው ከሳምንታት በፊት ነው። ኦሜፕራዞል የሚወስድ ሰው በሐኪም ምክር መድኃኒቱን ቢያንስ ለ2 ሳምንት ማቆም፣ አንቲባዮቲክ የወሰደም ከጨረሰ በኋላ ቢያንስ 4 ሳምንት መቆየት አለበት። አለዚያ ባክቴሪያው እያለ ውጤቱ «የለም» ሊል ይችላል። ታክሞ የጨረሰ ሰው መዳኑን ለማወቅ በደም ቢመረመር ደግሞ ተቃራኒው ይገጥመዋል፤ ባክቴሪያው ጠፍቶም የሰውነቱ መከላከያ በደም ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ «አለ» ይባልና ሁለተኛ ዙር መድኃኒት ይጀምራል። ጨጓራዬን እያለ ከፋርማሲ ኦሜፕራዞል የማይገዛ ሰው ስንት ነው? ይህን የሚነገረውስ?

ስለ ሽንትም ልናገር። ታካሚው ከቤቱ በበረኪና ያጠበውን ብልቃጥ ሲያመጣ ንጽሕናን ማሰቡ ነው፤ የበረኪና ቅሪት ግን በመመርመሪያው ስትሪፕ ላይ የሌለ ደም ወይም ስኳር እንዳለ ሊያስመስል ይችላል። የመጀመሪያውን ሽንት አፍስሶ መካከለኛውን መቀበል እንደሚገባም መነገር አለበት። ውሃ የሌለው፣ በሩ የማይዘጋ መጸዳጃ ቤት ያለው ተቋም ግን ይህን ከታካሚ መጠየቅ አይችልም። የጥራት ጉዳይ ሲነሳ ከማሽን ግዢ እኩል የመጸዳጃው ውሃ መነሳት ያለበት ለዚህ ነው።

ደም ሲቀዳ የሚፈሩ አረጋውያን ብዙ ናቸው፤ ያለችኝን ደም ወሰዱብኝ ይላሉ። አንድ ጎልማሳ 5 ሊትር ገደማ ደም እንዳለውና ለአንድ ምርመራ የምንወስደው አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል መሆኑን በረጋ ቃል ሲሰሙ ክንዳቸው ይላላል። ምክሩ ባለሙያውንም ይመለከታል። ክንድ ላይ የሚታሰረው ላስቲክ ከአንድ ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ታካሚውም ጡጫውን እየደጋገመ እንዲጨብጥ ከተነገረው የፖታሲየም ውጤቱ ሊዛባ ይችላል። ስሙም ከነአያት ስምና ከካርድ ቁጥሩ ጋር በዕቃው ገላ ላይ እንጂ በክዳኑ ላይ መጻፍ የለበትም፤ ክዳን ይቀያየራል።

ምክር ያለው ኃይል በጎረቤታችን በሲዳማ ታይቷል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደ ፕሮጀክት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሳል የቆየባቸውን ሰዎች በየመንደራቸው እየፈለጉ አክታ እንዲሰጡ አደረጉ፤ ናሙናውን በመስታወት ላይ አዘጋጅተው ወደ ላቦራቶሪ ላኩ። የተመዘገቡት የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ቁጥር በእጥፍ ገደማ አደገ። ለአክታ ደግሞ ምክር ወሳኝ ነው። አፍን በውሃ ተጉመጥምጦ፣ አየር በጥልቅ ስቦ፣ ከደረት አሳልቶ የወጣ እንጂ ምራቅ አይጠቅምም። ቦታውም ከሰው የራቀ ገላጣ ስፍራ ሊሆን ይገባል። በጂንኤክስፐርት የሚመረመርም ቢሆን ምራቅ ከሆነ መሣሪያው የሌለውን ሊያገኝ አይችልም።

ባልደረቦቼ «ታካሚው ብዙ፣ እኛ ጥቂት፤ መቼ እንናገር?» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ እውነታቸውን ነው። ግን የተበላሸ ናሙና መድገም ከምክሩ የባሰ ጊዜ ይወስዳል፤ ታካሚውንም ሌላ የመኪና ዋጋና ሌላ የሥራ ቀን ያስወጣዋል። ጠዋት ጠዋት በተራ መጠበቂያ ወንበር ላይ የሚሰጠው የጤና ትምህርት አለ፤ በሳምንት አንዱ ስለ ናሙና ይሁን። በሀዲይኛና በከምባትኛ ይሰጥ፤ ዕቃው በእጅ ተይዞ ይታይ፤ ማንበብ ለማይችሉ በሥዕል ይለጠፍ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሃ ግብር በየቀበሌው ያሠማራቸው ባለሙያዎች ታካሚው ከቤቱ ሳይነሳ ሊነግሩት ይችላሉ። ዓለም አቀፉ የሕክምና ላቦራቶሪዎች ደረጃ፣ አይኤስኦ 15189፣ ለታካሚው ስለ ዝግጅቱና ስለ አሰባሰቡ መመሪያ መስጠትን ግዴታ አድርጎታል። የዞንና የወረዳ ጤና ኃላፊዎችም የላቦራቶሪ ክፍልን ሲገመግሙ ስንት ምርመራ እንደተሠራ ብቻ ሳይሆን ስንት ናሙና ለምን ውድቅ እንደሆነ ይጠይቁ። ምክር ሳይሰጠው ናሙናው የተበላሸበት ታካሚም ድጋሚ ሊከፍል አይገባም።

ታካሚም ዝም አይበል። ወረቀቱን ሲቀበል «ልብላ ወይስ ልጹም? የምወስደውን መድኃኒት ምን ላድርገው? ናሙናውን መቼና በምን ልስጥ?» ብሎ ይጠይቅ። ይህ ድፍረት ሳይሆን መብቱ ነው። መልሱን ሳያገኝ ከሐኪሙ ክፍል የሚወጣ ሰው እንዳይኖር ማድረግ ደግሞ የእኛ የባለሙያዎቹ ግዴታ ነው።