መኪናም ስንቅ ይያዝ

መንገደኛ ያለ ስንቅ አይነሳም። ለማስተማር ልምምድ ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች ስንወጣ እያንዳንዳችን የትምህርት ዕቅዳችንን፣ ጠመኔያችንን፣ ብርድ ልብሳችንንና ቆሏችንን ሸክፈን ነው የምንነሳው። እኛን ተሸክሞ የሚሄደው መኪና ግን ባዶውን ይወጣል። ስኮርታ ጎማው አየር የለውም፤ ክሪኩ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ የመፍቻ ሣጥኑ ቢከፈት የሚገኘው አንድ የተጣመመ ካቻቪቴና ዘይት የጠጣ ጨርቅ ነው። ነገሩ ዛሬ ነገ ይታረማል እየተባለ ብዙ ጊዜ ስላለፈው፣ እኛ ዕጩ መምህራን ሐሳባችንን በዚህ ግድግዳ ላይ ለመግለጽ ወደናል።

ጉዳዩ የመኪና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ባለፈው የልምምድ ወቅት መንገድ ላይ ቆመን ግማሽ ቀን አሳልፈናል። ምን ተበላሽቶ ቢሉ ቺንጋ ተበጥሶ ነው፤ ሌላ ምንም አልነበረም። ጋሼ ሹፌራችን ጥፋት የለባቸውም። ለመግጠሙ ግማሽ ሰዓት እንደማይፈጅባቸው ነግረውናል፤ የሚገጠመው ግን በእጃቸው አልነበረም። አላፊ መኪና ተለምኖ፣ ሰው ወደ ከተማ ተልኮ፣ ቺንጋው ተገዝቶ እስኪመጣ እኛ ጥላ ፍለጋ ስንዞር፣ የአራተኛ ክፍል ልጆች ደግሞ «መምህር ይመጣል» ተብለው ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ብለው ቆዩ። ከመካከላቸው ከብቱን ለታናሽ ወንድሙ አደራ ብሎ የመጣ አለ፤ አቀበቱን በእግሩ ወጥቶ የደረሰ አለ። የአንዲት ቺንጋ ዋጋና የአንድ ክፍል ልጆች የትምህርት ቀን በሚዛን ቢቀመጡ የቱ እንደሚከብድ ለማንም ግልጽ ነው።

«መኪናው አርጅቷልና ይለወጥ» የሚሉ አሉ። ቢሆንማ ማን ይጠላል! በተጨባጭ ሲታይ ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ በእጃችን ያሉት አሮጌ ኮሮላዎችና ላንድ ክሩዘሮች ገና ብዙ ዓመት ያገለግሉናል። ማርጀት በራሱ ነውር አይደለም። እንዲያውም የአሮጌ ሞተር አብዛኛው ብልሽት በመፍቻና በትዕግሥት ይፈታል፤ ኮምፒውተር አይጠይቅም። ነውሩ አሮጌ መሆኑን እያወቁ እንደ አዲስ ማሰማራት ነው።

ታዲያ ምን ይያዝ? የጋራዡን ዕቃ ሁሉ ጭነን እንዙር አንልም። መለኪያው ሁለት ይሁን፦ አንደኛ፣ ሲበላሽ መኪናውን ጨርሶ የሚያቆም፤ ሁለተኛ፣ መንገድ ዳር በእጅ ሊገጠም የሚችል። በዚህ መለኪያ ቺንጋ ቀዳሚ ነው። በብዙዎቹ አሮጌ ሞተሮች ላይ የውሃውን ፓምፕም ዲናሞውንም የሚያዞረው እሱ ነው። ሲበጠስ ውሃው አይዘዋወርም፣ ባትሪው አይሞላም፣ ሞተሩ ይግላል። «ትንሽ ነው የቀረን፣ እንድረስ» ብሎ መንዳት ቴስታታ ማጣመም ነው። ያኔ የቺንጋ ወጪ የሞተር ጥገና ወጪ ይሆናል።

ሁለተኛው የራዲያተር ክዳን ነው። ብዙ ሰው ይንቀዋል። ደብረ ብርሃንን በሚያህል ከፍታ ላይ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 ዲግሪ ግድም መሆኑን በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ለልጆች እናስተምራለን። ራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ጎማ ሲያልቅ ግፊቱ ያመልጣል፤ መኪናው የጣርማ በርን ዳገት ወይም የዓባይን በረሃ ሲወጣ ውሃው እየተንተከተከ ያልቃል። ከክዳኑ ጋር አንድ ማኒኮቶ ከነማጥበቂያውና አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ይኑር። የጋለውን ክዳን ሳይበርድ መክፈት ግን ፊትን መቀቀል ስለሆነ ማንም እንዳይሞክረው።

ሦስተኛው ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት ነው። ያልተከፈተ የምንለው በምክንያት ነው፤ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ፍሬኑ ይግላል፤ በዘይቱ ውስጥ የገባው ውሃ ተን ይሆንና ፔዳሉ ይሰምጣል። ጎደለ ተብሎ የሞተር ዘይት ቢጨመርበት ደግሞ ጎሚኒዎቹ ያብጡና ፍሬኑ ጭራሹን ይበላሻል።

መፍቻም ቢሆን መፍቻ ስለተባለ ብቻ አይያዝም። የጃፓን መኪና ብሎኖች ብዙዎቹ በ10፣ በ12፣ በ14ና በ17 ቁጥር ይፈታሉ፤ ለአውሮፓ መኪና የሚያስፈልገው 13 ቁጥር ግን ለቶዮታ እምብዛም አይረዳም። በማይገጥም መፍቻ የታገለ ሰው የብሎኑን ራስ አድቦልቡሎ ይመለሳል። ከእነዚህ ሌላ ፒንሳ፣ ሽቦ፣ የእጅ ባትሪ፣ ትክክለኛ መጠን ያላቸው ፊውዞች፣ ለክሪኩ መቆሚያ የሚሆን ጣውላ፣ ለናፍጣ መኪና ደግሞ አንድ የናፍጣ ማጣሪያ ይጨመር። በፊውዝ ፈንታ ሽቦ መጠምጠም ቃጠሎ መጋበዝ ነው። አንድ ደረቅ ሳሙናም አይረሳ፤ የነዳጅ ጋን ጠብ ጠብ ሲል ቀዳዳው ላይ ቢፈገፈግ ከተማ ያደርሳል። ክሪክ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ እያልን የምንጠራቸው ሁሉ ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ስሞች ናቸው። ስሙን ይዘን ዕቃውን መጣላችን ይገርማል።

እዚህ ላይ ሳይጠቀስ የማይታለፍ ሌላ ነገር አለ። መኪና ሲቆም ከኋላ የሚመጣው እንዲያይ ተብሎ መንገዱ ላይ ድንጋይና ቅጠል ይደረደራል። መኪናው ሲነሳ ቅጠሉን ነፋስ ይወስደዋል፣ ድንጋዩ ግን እዚያው ይቀራል። ለጎማው ታኮ የተደረገውም እንደዚሁ። ማታ የሚመጣ ሌላ ሹፌር ምን ያድርግ? እኛ ዳንን ብሎ ለሌላው ወጥመድ ትቶ መሄድ የሰው ተግባር አይደለም። ባለ ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ ምልክትና ሁለት የእንጨት ታኮ ቢያዙ ይህ ሁሉ ይቀራል። ድንጋይ የግድ ካስፈለገም ያስቀመጠው ሰው ያንሳው።

አሁን ወደ ዋናው ማነቆ እንምጣ። ዕቃው ጨርሶ የለም እንዳይባል የተወሰነው ንብረት ክፍል ውስጥ አለ። ክሪኩ በሞዴል 19 ገቢ ሆኗል፤ ለመውጣት ሞዴል 22 ይፈልጋል፤ ሞዴል 22 ፊርማ ይፈልጋል፤ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። መኪናው ደግሞ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይነሳል። «መኪና ላይ ከተተወ ይጠፋል» የሚለውን ሥጋት እንረዳለን፤ የሕዝብ ንብረት መጠበቅ አለበት። ነገር ግን ለመንገድ የተገዛ ክሪክ መደርደሪያ ላይ ሆኖ መኪናው ገደል አፋፍ ላይ ቢቆም፣ ንብረቱ ተጠበቀ ይባላል? እንዲህ ያለ ጥበቃ የወረቀት ጥበቃ ነው። መኪናው ከቆመ በኋላ መሯሯጡም ያው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። አንደኛ፣ ዕቃው በቋሚነት በሹፌሩ ስም ወጪ ሆኖ ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ መኪናው ላይ ይቀመጥ፤ ዝርዝሩም በሣጥኑ ክዳን ላይ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ጉዞ ዋዜማ ሹፌሩና ከተጓዦቹ አንዱ ዝርዝሩን እያነበቡ ይቁጠሩ፤ የስኮርታ ጎማውም አየር ይታይ። የጎደለው በማግስቱ ሳይሆን ያን ዕለት ይተካ። ሦስተኛ፣ እኛም እንማር። ጎማ ለመቀየር ብሎኑ የሚላላው መኪናው በክሪክ ከመነሳቱ በፊት መሆኑን ከመካከላችን ስንቶቻችን እናውቃለን? ነገ ሩቅ ገጠር ስንመደብ መካኒክ ጎረቤት አይሆነንም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ሹፌራችን ቢያስተምሩን፣ እኛም በደስታ እጃችንን ዘይት እናስነካለን።

ሦስቱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ፈቃደኝነት ነው የሚጠይቁት። የሚቀጥለው የልምምድ ጉዞ ሩቅ አይደለም። የሚመለከታቸው ክፍሎች ከዚያ በፊት ሣጥኑን ከፍተው እንዲያዩት በአክብሮት እናሳስባለን።

ከዕጩ መምህራን