ጭብጥ በምርጫ አይፈተንም

በአዳማና ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች፣ ተማሪ ስላነበበው ልብ ወለድ የራሱን ሐሳብ ይጻፍ ወይስ ከአራት ፊደላት አንዱን ያጥቁር የሚል ክርክር በተነሣ ቁጥር «የተማሪ አስተያየት አይታረምም» የሚል ምላሽ ይሰማል። ይህ ምላሽ የሚያስቆጣው ሐሰት በመሆኑ ብቻ አይደለም። ስለ መጽሐፉም ሆነ ስለ ተማሪው አንዳች ሳይል፣ የእርማትን ድካም የትምህርት መርሕ አድርጎ ማቅረቡ ይብሳል።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ጉዳዩን በግልጽ ያሳያል። የልብ ወለዱ ጭብጥ፣ ማለትም ታሪኩ በመላ አካሉ የሚያስተላልፈው ዋና ሐሳብ፣ «ፍቅር» ነው ወይስ «የመደብ ልዩነት» ተብሎ በምርጫ ሲጠየቅ መጽሐፉ ራሱ ከጥያቄው ውጭ ይቀራል። ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻ በዘር ቆጠራ መመካታቸው አያከራክርም፤ ሆኖም ልጃቸውን ያፈቀረውን ዋናውን ገጸ ባሕርይ በዛብህን ከፊታውራሪው ቀድሞ ያሰረው እናቱ ልጇ እንዲተርፍላት ስትል ለቤተ ክርስቲያን የገባችው ስለት ነው። አንዲት ተማሪ ይህን ይዛ፣ የእናት ፍቅር ራሱ የልጅን ዕጣ አስቀድሞ ሊቆልፍ እንደሚችል ከታሪኩ ማስረጃ እየጠቀሰች ብትከራከር፣ የምታጠቁረው ፊደል የላትም፤ መጽሐፉን ሳይገልጥ ማጠቃለያውን የሸመደደ ጓደኛዋ ግን ሙሉ ነጥብ ያገኛል። የአስተያየት እርማት አድልዎ ያመጣል የሚሉ ሰዎች ይህን አድልዎ በምን ይከላከሉታል?

አስተያየት ይታረማል። መምህሩ መመዘን ያለበት ከተማሪዋ ጋር መስማማት አለመስማማቱን ሳይሆን፣ የጠቀሰችው ድርጊት በታሪኩ ውስጥ መኖሩን፣ ድምዳሜዋ ከዚያ ድርጊት የሚከተል መሆኑን፣ ሐሳቧን የሚቃረነውንም ክፍል ሸሽታ አለማለፏን ነው።

የፈጠራ ምላሽም እንዲሁ ይመዘናል። አዳማ የባቡርና የአውራ ጎዳና መገናኛ በመሆኗ ከየአቅጣጫው የመጣ ሕዝብ ይኖርባታል፤ በአንድ ሠፈር ካደጉት ልጆች ገሚሱ በአፋን ኦሮሞ፣ ገሚሱ በአማርኛ ይማራል። ጌረርሳን፣ ማለትም ሰው ገድሉንና ብሶቱን በዜማ የሚናገርበትን የኦሮሞ ቃል ግጥም፣ እየሰማ ያደገ ተማሪ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የመደብ ልዩነትን የሚነቅፈውን የጉዱ ካሣን ብሶት በዚያ ቅርጽ ቢገጥም፣ ወይም ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው «ኦቴሎ» ተውኔት ኤሚሊያ ለባሏ አንሥታ ስለ ሰጠችው መሐረብ እውነቱን ቀድማ የምትናገርበትን ትዕይንት ቢጽፍ፣ ማንበቡን ከማንኛውም የጠቆረ ክብ አብልጦ ያስመሰክራል፤ ጉዱ ካሣ በማንና ለምን እንደሚቆጣ ያልገባው ሰው ቁጣውን ሊገጥምለት አይችልምና።

«ተማሪ ገና አልበሰለም» የሚሉም አሉ። ታምሩ ፈይሳ በ1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኮሌጅ ቀን «ድሃው ይናገራል» የተሰኘ ግጥሙን ሲያቀርብ ተማሪ ነበር፤ አገሪቱ ያን ግጥም እስከ ዛሬ ታስታውሰዋለች።

ምርጫ ቢያንስ ለብሔራዊ ፈተና ያዘጋጃል የሚለው መከላከያም ከውጤቱ ጋር ይጣላል። ከታች ክፍል ጀምሮ ክብ ሲያጠቁር ካደገው ትውልድ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። የዚህ ውድቀት ምክንያት ብዙ ቢሆንም፣ የተማሪውን ሐሳብ የከለከለው ሥልጠና በራሱ መለኪያ እንኳ ፍሬ አለማፍራቱ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻውም።

በመንፈቅ አንድ ጊዜ ከእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ገጽ ተቀብሎ ማረም ለመምህሩ ከአቅም በላይ ከሆነ፣ ክርክሩ ስለ ክፍሎች መጨናነቅና ስለ መምህራን ቁጥር ማነስ ሊሆን ይገባል፤ መቅረብ ያለበትም ለትምህርት ቢሮዎች ነው። ይህን ጥያቄ ወደ ላይ ማቅረብ የሚገባቸው ሰዎች ግን ዝምታን መርጠው፣ ዕዳውን መጽሐፉን በትጋት ባነበበችው ተማሪ ላይ ጥለዋል።