ወተት እርሳስን ከደም አያወጣም

እንደ ወላይታዋ አረካ ባሉ ከተሞች ብየዳና ጋራዥ ለብዙ ወጣት የእንጀራ ገመድ ነው። ሠራተኛው እርሳስ (ሊድ) ያለበት ጭስና ብናኝ እንደሚጎዳው አያጣውም፤ ወተት ከጠጣሁ ይጠርግልኛል ብሎ ግን ይጽናናል። የወተት ገንዘብ የሚሰጥ አሠሪም ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል። ይህ እምነት መታረም አለበት። በካልሲየምና በአይረን የበለጸገ ምግብ ከሆድ ወደ ደም የሚያልፈውን እርሳስ ሊቀንስ ይችላል፤ በትንፋሽ የገባውን ጭስ ግን አያግድም፣ ደም ውስጥ ያለውንም አያወጣም። ሠራተኛን የሚጠብቀው እርሳሱ እንዳይገባ መከላከልና መግባት አለመግባቱን በደም ምርመራ መከታተል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በጅማ ከተማ የተመረመሩት የጋራዥ ሠራተኞች ሁሉ በአንድ ዴሲሊትር ደማቸው ከ10 ማይክሮግራም በላይ፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ከ20 በላይ እርሳስ እንደተገኘባቸው አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን 5 የደረሰ ሰው እንኳ የእርሳሱ ምንጭ ተፈልጎ እንዲወገድለት ይመክራል። የእርሳሱ ምንጭ የሆኑት ባትሪና ራዲያተር፣ የሥራውም ልማድ ጅማም አረካም ያው ነው። መካኒኩ አሮጌ ባትሪ ሲከፍት ዱቄቱ ጥፍሩ ሥር ይገባል፤ እጁን በናፍጣ አሽቶ በጨርቅ ይጠርግና ምሳውን ይጎርሳል። ማታ በቱታው ቤቱ ሲገባ ብናኙ ለልጆቹ ይተርፋል።

"እስካሁን ምን ሆንኩ?" የሚል አይጠፋም። እርሳስ አጥንት ውስጥ ለዓመታት ይከማቻል፤ የሆድ ቁርጠቱ፣ ራስ ምታቱና ድካሙ ከሌላ በሽታ ጋር ይምታታል። የደም ግፊቱና የኩላሊት ጉዳቱ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከዘገየ በኋላ ነው። ምርመራ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

ሌላው መከራከሪያ አነስተኛ ጋራዥ አቅም የለውም የሚል ነው። ነገር ግን ውሃና ሳሙና ማቅረብ፣ የምግብ ቦታን መለየት፣ ብናኙን አርጥቦ መጥረግ፣ ቱታን ሥራ ቦታ አውልቆ መሄድ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። ምርመራው ወጪ አለው፤ ሆኖም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አደገኛ ሥራ ላይ የተሰማሩትን የማስመርመር ግዴታና ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሏል። አንድ ጋራዥ ብቻውን ቢከብደው ባለጋራዦች በማኅበር ተደራጅተው፣ የወላይታ ዞን ጤና መምሪያና የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ አግዘዋቸው፣ የደም ናሙናውን ወደሚመረምር ላቦራቶሪ በአንድነት መላክ ይችላሉ።

ኢትዮጵያ ቀለም ውስጥ የሚገባውን እርሳስ ደንብ አውጥታ ገድባለች። ቤቱን የሚያስቀባውን ሰው የጠበቀ ሕግ ባትሪ የሚፈታውንም ሊጠብቀው ይገባል። የሥራ ቦታ ተቆጣጣሪዎችም ጋራዥ ሲገቡ የደም ምርመራ ውጤት ይጠይቁ፤ የወተት ገንዘብ በምትኩ አይቀበሉ።