ቤት ለሚገዛ ሰው የደላላው ግዴታ

ሰው በዕድሜው ከሚገዛው ነገር ሁሉ ዋጋው የሚከብደው ቤት ነው። በጎጃም አገር ግን፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ የጭቃ ቤት በበጋ ሲታይ ጕድለቱ አይገለጥም። ግድግዳው አዲስ ተለስኖ ኖራ ከተቀባ፣ ምስጥ የበላው የባሕር ዛፍ ቋሚ ከዓይን ይሠወራል፤ የቆርቆሮው ቀዳዳም ክረምት እስኪገባ አይታወቅም። ደላላው የድካሙን ዋጋ የሚቀበለው ውሉ ሲፈጸም ስለ ሆነ ዝምታው ይጠቅመዋል፤ የገዢው ጥሪት ግን በዚያ ዝምታ ይጠፋል።

እርግጥ፣ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩን ለሸጠው ነገር ጕድለት ዋስ ያደርገዋል፤ በ1723ኛውም ቍጥር ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል። ነገር ግን በችሎት ደጅ ከመጥናት አንድ ማለዳ ቤቱን መመርመር ይሻላል። በ1987ቱም ሕገ መንግሥት መሬት ስለማይሸጥ ገዢው የሚከፍለው ለቤቱ ነው፤ ቤቱ የተበላ ከሆነ ምን ገዛ ይባላል?

ስለዚህ እውነተኛ ደላላ ገዢውን ከታመነ አናጢ ጋራ ይወስደዋል። የቋሚውን እግር በብረት አስወግቶ፣ በጣራው ብርሃን ይገባ እንደ ሆነ አሳይቶ፣ የጎርፉን መውረጃ ከጎረቤት ጠይቆ፣ ቤቱ ዕዳና እግድ እንደሌለበት አረጋግጦ፣ ያገኘውን ሁሉ በጽሑፍ ያስቀምጣል።

ሹማምንት ይህ ጽሑፍ ከውሉ ጋራ እንዲያያዝ ቢያዝዙ፣ ካህናትም ለምስክርነት ሲጠሩ ጽሑፉን ሳያዩ ባይፈርሙ፣ ብዙ ቤተሰብ ከጥፋት ይድናል። በአሸዋ ላይ ስለ ተሠራው ቤት የሚያስተምር አፍ፣ ጎረቤቱ በተበላ ምሰሶ ሥር ሲገባ ዝም ሊል አይገባውም።