አንድ ግለ ታሪክ አይበቃም

ባለሥልጣን የነበረ ሰው ግለ ታሪኩን ባሳተመ ቁጥር «ራሱን ለማንጻት የጻፈው ነው» ይባላል። ወቀሳው ብዙ ጊዜ ልክ ነው። እኔ የምሞግተው «እንግዲያው አይነበብም» የሚለውን መደምደሚያ ነው። የታሪክ ምሁር ከወገንተኝነት ርቆ ለማየት ይጥራል፤ ባለ ትዝታው ግን የፈራውን፣ የጓጓለትን፣ ቂም የያዘበትን ሁሉ ሳይደብቅ፣ አንዳንዴም ሊደብቅ ሲሞክር እያመለጠው ይዞልን ይመጣል። የግለ ታሪክ ጣዕሙ እዚሁ ላይ ነው፤ አንባቢውን ዳኛ ያደርገዋል። ዳኛ ደግሞ አንድ ምስክር ብቻ ሰምቶ አይፈርድም።

ደሴን እንውሰድ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሰፈራቸውን እዚያው አድርገው ነበር። «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ን የጻፉት ግን በስደት፣ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ተቀምጠው ነው፤ ስለዚህ የሚናገሩት አገሩን ተቀምቶ አቤቱታውን ለዓለም እንደሚያሰማ ንጉሥ ነው። በዚያው ጦርነት የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ልዑክ የነበሩት ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ማርሴል ጁኖ ባሳተሙት ትዝታ የሚያስጨንቃቸው የዘውዱ ሳይሆን የቁስለኛው ዕጣ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ትዝታ»፣ አዛዣቸው ራስ እምሩ ደግሞ በ«ካየሁት ከማስታውሰው» ያሳለፉትን አኑረዋል። ሁለቱም ዘምተዋል፤ ሁለቱም ተማርከው ጣልያን አገር ታስረዋል። በአንድ መንገድ የሄዱ አዛዥና ታዛዥ ግን አንድ ዓይነት መጽሐፍ አይጽፉም፤ ሁለቱን አከታትሎ ያነበበ ሰው አንዱን ብቻ ካነበበው የማያገኘውን ያገኛል።

ወደ አብዮቱ ዘመን ስንመጣ ክርክሩ ይከራል። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ትግላችን»ን በ2004 ዓ.ም. አሳተሙ፤ ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ»ን፣ ፍስሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ»ን አስከተሉ። ሦስቱም የአንድ ደርግ ሰዎች ናቸው። በወዲያኛው ወገን በኢሕአፓ ትግል ያለፉት ሕይወት ተፈራ «ማማ በሰማይ»ን ይዘው ይቆማሉ። ለወሎ አንባቢ ደግሞ በ1977ቱ ረሃብ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽነር የነበሩት ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ የጻፉት ከሁሉም ይቀርባል፤ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ሽር ጉድ ሲባል መንግሥት በረሃቡ ላይ እንዴት ጆሮ ዳባ ልበስ እንዳለ ይተርካሉ። እርግጥ እሳቸውም የዚያ መንግሥት ሹም ነበሩና ስለራሳቸው መሟገታቸው አይቀርም። ይህንን እያወቁ ማንበብ ንባቡን ያከብደዋል እንጂ አያረክሰውም።

«የአምስት ወገንተኛ ቃል ቢደመር እውነት አይወጣውም» የሚል ይኖራል። ቢደመር አይወጣውም፣ እውነት ነው፤ ቢነጻጸር ግን ይወጣዋል። ባላንጣዎች ሳይመካከሩ የተስማሙበት ነገር ክብደት አለው። አንዱ በብዙ ገጽ ያወጋውን ሌላው በአንድ መስመር ካለፈውም ዝምታው ራሱ ምስክርነት ነው። የሰው ሕይወት ማንበብ ከሐሜት አይለይም ለሚሉም መልስ አለ፤ ሐሚ ስሙን ይደብቃል፣ ግለ ታሪክ ጸሐፊ ግን ስሙን ሽፋኑ ላይ አትሞ መልስ ይጠብቃል።

የማልመልሰው ተቃውሞ አንድ ብቻ ነው፦ እስካሁን የጠራኋቸው በሙሉ ሥልጣን ወይም ብዕር የነበራቸው ናቸው። የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ፣ የወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት መምህር፣ በ2014ቱ ጦርነት ልጆቿን ይዛ ከደሴ የወጣች እናት የት አሉ? መፍትሔው ግን የሹማምንቱን መጽሐፍ መተው ሳይሆን የእነዚህን ቃል ከጎኑ ማስቀመጥ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴም በኮምቦልቻም ግቢ አለው። ተማሪዎቹ ድምፅ መቅረጫ ይዘው ወደየሰፈሩ ቢወጡ፣ የተቀዳው ተጽፎ በየቤተ መጻሕፍቱ ቢቀመጥ ወጪው የሚከብድ አይደለም። ሰዎቹ በሕይወት ሳሉ ይህ ካልተደረገ የ2014ቱን ጦርነት የሚተርኩልን አዛዦቹ ብቻ ይሆናሉ፤ እነሱ ስተው ቢገኙ እንኳ «አይደለም፣ እንዲህ ነበር» የሚል መጽሐፍ ከመደርደሪያው አናገኝም።